ቁልቁለት የለመደ መኪና

ፈሪ ነህ ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ግን የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መንገድ ላይ መቅረት። የመጀመሪያ ልጃችን ከአቦቦ ወደ ጋምቤላ ሆስፒታል ስንሄድ፣ ግማሽ መንገድ ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ ነው የተወለደችው። ባለቤቴ አልማዝን፣ ደም እየፈሰሳት፣ በነጠላ ደግፌ ይዣት ነበር።

ስለዚህ ሁለተኛውን ስታረግዝ፣ ኋላው ረዘም ያለ፣ ሰው የሚያስተኛ የቤት መኪና ፍለጋ ወደ ደጋው፣ ጎሬ ወጣሁ። እንዴት እንደመረጥኩት ልንገራችሁ? ጎማውን በእግሬ መታ መታ አደረግኩ። ኮፈኑን አስከፍቼ፣ የገባኝ ይመስል፣ ራሴን ነቀነቅኩ። ከዚያ ዋናው ፈተና መጣ። የኋላ ወንበሩን አጥፌ፣ ምጥ እንደያዛት ሴት በጀርባዬ ተዘረጋሁና ሻጩን "በል ንዳው" አልኩት። የሰውዬው ደጃፍ ቁልቁለት ነው። መኪናው ቀስ ብሎ ተንሸራተተ፣ አንዴ ነጠቅ አደረገንና ሞተሩ ተነሳ። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ "አይ ምቾት!" እላለሁ። ቁልፉን ማን አይቶ!

ተዋዋልን። ሻጩ እቤትህ እስክትደርስ ሞተሩን እንዳታጠፋ ብሎ አደራ አለኝ። ለንብረት እንዲህ የሚያስብ ሰው አለ እንዴ ብዬ መረቅኩት።

አቦቦ ስደርስ ጎረቤቴ ኦሞድ፣ ዓሣ አጥማጁ፣ መኪናውን ዞሮ ዞሮ አየው። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ይሄ መኪና ከባድ ነው ወይ? ሰው ከገፋ ይሄዳል?"

በሆዴ ሳቅኩበት። ስለ ነዳጁ፣ ስለ ኤሲው አይጠይቅም? ሞተሩን አጥፍቼ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አልማዝ ወገቧን ያዘች። ከኋላ አስተኛኋትና ቁልፉን አዞርኩ። ጠቅ። ደግሜ አዞርኩ። ጠቅ። ለካ ሞተሩን በቁልፍ የሚያስነሳው ሞተሪኖ የሞተ ነው! ሰውዬው በደጃፉ ቁልቁለት ሲያስነሳው ኖሯል። አቦቦ ደግሞ ኳስ ብታስቀምጡ የማይንከባለልበት ሜዳ ነው። ባጃጁ ታየኝ፤ ነጠላው ታየኝ። አልማዝ ከኋላ ምን ሆነህ ነው የማትሄደው እያለች ትጮሃለች።

ኦሞድ በመስኮት ብቅ አለ። "አንተ አትፍራ። መሪ ብቻ ያዝ።"

ጎረቤቱን ሁሉ ጠራ። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ሳይቀሩ ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ገፉ። ሁለቴ እምቢ አለ። በሦስተኛው ተነሳ።

ልጄ የተወለደው አልጋ ላይ፣ በሐኪም እጅ ነው። እናቱም ደህና ናት። ሲወለድ ግን አጠገቧ አልነበርኩም። የት ነበርክ አትሉኝም? ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ፣ ሞተሩ እንዳይጠፋብኝ ነዳጅ ረግጬ ተቀምጬ ነበር።

አሁን መኪናው እንዴት ነው ሲሉኝ ስለ ነዳጁም ስለ ምቾቱም አላወራም። "ሲገፋ ቀላል ነው፤ ስድስት ሰው ይበቃዋል" እላለሁ።