መጀመሪያ ሰላምታ

የቱንም ያህል ቢቸኩል ሰላምታ ሳይጨርስ ወደ ጉዳዩ የማይገባ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ካዛንቺስ ውስጥ ከአንዱ ጋር በአንድ ግቢ እኖራለሁ፤ ትዕግሥት ደግሞ አልፈጠረብኝም።

ይህ ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰ ሚስታቸውን እትዬ ብርቄን አንድ ቅዳሜ ሐይቅ ዳር ሊያሳርፉ ተመኙ። እዚሁ አዲስ አበባ ደምበል ሕንፃ አካባቢ የአንድ ሪዞርት ሻጮች፣ ሩቅ ያለውን ቦታ በቪዲዮ እዚያው የቆሙ አስመስሎ የሚያሳየውን ዓይን የሚጋርድ ትልቅ መነጽር ሲያጠልቁላቸው ሐይቁንም፣ ዳሩ ላይ የተቀመጡትን እንግዶችም አዩ። ጎንበስ ብለው «እንደምን ዋላችሁ» አሉ። መልስ በማጣታቸው እስከ ቤት ድረስ ቅር እንዳላቸው ነበር።

ክፍል የሚያዘው በስልክ፣ ከሮቦት ጋር በመጻጻፍ ነው። ለቅዳሜ የቀረው አንድ ክፍል ብቻ ነበር።

«ጋሼ፣ በቃ ቀኑን ይጻፉላት፤ ማሽን እኮ ናት» አልኩ።

«እሷ ማሽን ብትሆን እኔን ያሳደጉኝ ሰዎች ናቸው» አሉኝ።

በአንድ ጣት እየለቀሙ ስለ ጤናዋ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቋት። ወደ ልጆቿ ሲደርሱ ክፍሉን ሌላ ሰው ያዘው። እትዬ ብርቄ ያሰናዱትን ሻንጣ መፍታት ጀመሩ።

ወዲያው «የሚቀጥለው ቅዳሜ ክፍት ነው» የሚል መልእክት መጣ። ስልኩን ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ፤ ጋሽ ታደሰ ግን ጀምረዋል፦

«እንዴት ሰነበትሽ ልጄ፣ እንደው ተጠፋፋን።»