ጎል እንዲገባ የሚወጡት ጎረቤቴ

እሱ ካየ ቡድኑ የሚሸነፍ የሚመስለው ሰው እናንተ ሰፈር የለም? እኛ ሰፈር፣ ሲቀላ፣ አለን፤ ጎረቤቴ አቶ ጴጥሮስ ናቸው። ምስኪን፣ የሚወዱት ቡድን ጎል ሲያገባ አይተው አያውቁም።

ለሊጉ የዋንጫ ጨዋታ እኛ ቤት ቴሌቪዥኑ ፊት ገና ከመቀመጣቸው ጎል ገባብን። ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ወጥተው በር ላይ ሲቆሙ አቻ ሆንን። ከዚያ በኋላ ማን ያስገባቸው? ባጃጅ ጠርተን ሸኘናቸው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አብረውን የሚያዩት ባለቤታቸው ደወሉላቸው።

"የት ደረስክ?"

"ከከተማ ወጥቼ ላንቴ፣ መንገድ ዳር።"

"አሁንም ቅርብ ነህ። የሙዝ እርሻው ውስጥ ግባ።"

ገቡ፤ እኛም አገባን። ዋንጫው የእኛ ሆነ።

ሲመለሱ አሳዘኑኝና፣ "ጎሉን እየደገሙት ነው፤ አሁንስ ይዩት" አልኳቸው።

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ "ይቅርብኝ እትዬ፤ ካየሁት ይሻራል" አሉ።