ጃንጥላ ለገብርኤል፣ ውሃ ለቦራ

አሮጌ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ዋሾ ነው። አይቆጡኝ፤ እኔም ከዋሾዎቹ አንዱ ነኝና ስድቡ መጀመሪያ የሚያርፈው እኔው አናት ላይ ነው። እስቲ አንዱን ባለአሮጌ መኪና ያስቁሙና "እንዴት ናት?" ብለው ይጠይቁት። "ምንም የላት፣ ትንሽ ውሃ ትወዳለች እንጂ" ይልዎታል። ውሃ ትወዳለች! በቅሎ ናት? ወዳጄ፣ መኪና ውሃ አትወድም። ውሃ የምትጨርስ መኪና ውሃውን አንድ ቦታ እየከተተችው ነው፤ ያ ቦታ ደግሞ ውሃ መግባት የሌለበት ቦታ ነው።

የእኔዋ ቦራ ትባላለች፤ ግንባሯ ላይ ቀለም ሳይቀባ የቀረ ነጭ ስቱኮ አለ። ከደብረ ማርቆስ ደብረ ኤልያስ፣ ከደብረ ማርቆስ ይጁቤ ስታመላልሰኝ ኖራ ኖራ፣ ካቻምና ክረምቱ እንደወጣ ውሃ መውደድ ጀመረች። ጠዋት እሞላለሁ፣ ማታ ጎድሏል። ከሥሯ ጎንበስ ብዬ ባይ ጠብታ የለም። ጭስ ማውጫዋ ግን ነጭ ነጩን ይተፋል። መካኒኩ ስመኘው የዘይቱን መለኪያ መዘዘና አሳየኝ። ዘይቱ ወተት የገባበት ሻይ መስሏል።

"መምህር፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቷል" አለኝ።

"ምን ማለት ነው?"

"ሞተሩ ላይና ታች ነው። ላይኛው ክዳኑ ነው፣ ቴስታታ የምንለው። በመሀላቸው ስስ ነገር አለች፤ ውሃውን ከዘይቱ፣ እሳቱን ከውሃው የምትለይ። የተበላችው እሷ ናት። ዛሬ ከቀየርናት ቀላል ነው። እየፈላች ከነዷት ግን ቴስታታው ይጣመማል።"

ምን ያደረግሁ ይመስልዎታል? እንደተማረ ሰው ሌላ ሐኪም ፈለግሁ፤ ደስ የሚለኝን የሚናገር። አገራችን ደግሞ በዚህ አትታማም። አንዱ "ውሃውን እስኪሞቅ የሚያግደውን ቴርሞስታት አውጥተህ ጣለው" አለኝ፤ ጣልሁት። ሌላው "ራዲያተሩ ውስጥ እንቁላል ስበርበት፣ ቀዳዳውን ይደፍነዋል" አለኝ። ሁዳዴ ነበር። እኔ ሽሮዬን እየበላሁ ቦራ እንቁላል በላች። እንቁላሉ ተቀቀለ እንጂ የደፈነው ነገር የለም።

የቀረችኝ አንዲት ጠላት የሙቀት መርፌዋ ነበረች። ወደ ቀዩ ስትወጣ ልቤ አብራ ትወጣለች። ለእሷም መላ አላጣሁም፤ የገብርኤልን ሥዕል ገዛሁና ልክ መርፌዋ ላይ ለጠፍሁት። ቂርቆስንና ኢየሉጣን ከፈላ ውሃ ያወጣ መልአክ አንድ ራዲያተር ያቅተዋል? ከዚያ በኋላ ዳገት ላይ ሞተሩ መንተክተክ ሲጀምር "ገብርኤልዬ፣ አድርሰኝና ጃንጥላ አገባለሁ" እላለሁ። ያደርሰኛል። ሦስተኛውን ጃንጥላ ይዤ ስሄድ ቄሰ ገበዙ ተቀበሉኝና ስለቱ ስለምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። ጃንጥላውን አገላብጠው አዩት።

"ልጄ" አሉኝ፣ "ቂርቆስና ኢየሉጣ እምቢ ያሉት ለጣዖት መስገድን ነው። አንተ እምቢ ያልኸው መካኒክ ነው።"

እንዲህ ዓይነት ነገር የሰማ ሰው ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ጋራዥ ይሄዳል። እኔ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

አማቴ እማማ የሺ ይጁቤ ነው የሚኖሩት። ሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ጋርዶታል። ሞራ የሚገፉ ሐኪሞች ደብረ ማርቆስ መጥተው ነበርና የእሳቸው ተራ የመጨረሻው ቀን ላይ ወደቀ። ከምሳ በፊት ካልደረሱ ሐኪሞቹ ዕቃቸውን ጠቅልለው ይሄዳሉ፤ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም። ባለቤቴ "በሚኒባስ ትምጣ" አለች። እኔ ተቆጣሁ። አማች ባለመኪና ሆኖ አማት በሚኒባስ? ይጁቤ ምን ይላል? ይጁቤ ምንም አይልም ነበር።

በማለዳ ሄጄ ከፊት አስቀመጥኋቸው። ብዙም ሳንርቅ ወደ ኋላ ዞሩ።

"አንቱ፣ የሚከተለን ምንድን ነው?"

"ምንም የለም እማማ፣ አቧራ ነው።"

"ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ምን አቧራ አለ? እኔ በዚህ ሞራ ሁሉም ነገር ነጭ ነው የሚታየኝ። ይኼ ግን ከሞራዬም ይነጣል።"

ዓይን ያለን ሰዎች መንፈቅ ሙሉ አናይም ያልነውን፣ ዓይናቸው የተጋረደ ሴት ገና ከመንገዱ መጀመሪያ አዩት። እኔ ሬዲዮኑን ከፍ አደረግሁ።

ዳገቱ ወገብ ላይ ቦራ አንዴ ሳለች፣ ሁለቴ ሳለች፣ ከዚያ ኮፈኗ በእንፋሎት ተሸፍኖ ቀጥ አለች። ወረድሁ። የራዲያተር ክዳን በትኩሱ አይከፈትም። ይህን ሕፃን ያውቀዋል፤ እኔም አውቃለሁ፤ ከፈትሁት። የፈላው ውሃ እስከ ሰማይ ተፈናጠረና ሲመለስ ክንዴ ላይ አረፈ። ገበያተኛው ከበበኝ። "ነዳጅ ጨርሳ ነው" አለ ባለአህያው። "የለም፣ ባትሪ ነው" አለ ዶሮ የተሸከመው። መኪና ነድቶ የማያውቅ ሰው የቆመ መኪና አይቶ ዝም ሲል እስካሁን አላጋጠመኝም። ባለዶሮው ጨምሮም "እንቁላል ልስጥህ?" አለኝ። ያን ጊዜ ብመታው ማን ይፈርድብኝ ነበር?

ፊቴን ወደ ገደሉ መልሼ "ገብርኤልዬ፣ አስነሣልኝና ሁለት ጃንጥላ" አልሁ። ቀስ ያልሁ መስሎኝ ነበር።

"አንተ" አሉኝ እማማ የሺ በመስኮቱ። በአሥራ ሁለት ዓመት አማችነት ከአፋቸው "አንቱ" ተለይቶ የማያውቅ ሴት ናቸው። "ስንት ነው ያልኸው?"

"ሁለት፣ እማማ።"

"ገብርኤል ዝናብ አስቸገረኝ ብሎሃል?"

ገበያተኛው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና "የልጅህን መልክ እኮ በእጄ ስዳብስ ነው የኖርሁት" አሉ። ልጄን ማቀፍ ከጀመሩ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ አንድም ቀን አይተዋት አያውቁም። ከክንዴ ይልቅ ያኔ ተቃጠልሁ። አፈርሁ።

ደግነቱ በግ የጫነ መኪና መጣ። ሾፌሩ ከጎኑ ያለውን ወንበር አስለቀቀላቸው። ከመውጣታቸው በፊት ወደ ሰማይ ቀና ብለው የሆነ ነገር አጉተመተሙ። "ምን አሉኝ እማማ?" ብል "አንተን አላነጋገርሁም" ብለው ሄዱ። ሐኪሞቹ በር ሊዘጉ ሲሉ ደረሱ፤ በግ በግ እየሸተቱ የመጨረሻዋ ታካሚ ሆነው ገቡ።

ቦራ በገመድ እየተጎተተች ስመኘው ደጅ ደረሰች። ሲፈታት ቴስታታው እንዳለው ተጣሟል። ቶርኖ ቤት ሄዶ ፊቱ ተልጎ ተስተካከለ። ስመኘው የድሮውን ጓርኒሲዮን ርዝራዥ በጥንቃቄ ጠረገ፣ አዲሱን አስተኛ፣ ብሎኖቹን ከመሀል ወደ ዳር በሦስት ዙር፣ በልክ እየለካ አጠበቀ። አዲስ ቴርሞስታት አስገባ፤ ራዲያተሩንም ከእንቁላል ፍርፋሪ አጠበ። በመጨረሻ ሥዕሉን ቀስ ብሎ ላጠው፣ ተሳለመውና ከፍ አድርጎ ለጠፈው።

"መምህር፣ መርፌዋ ከሥሩ ሆና ስትጮኽ መልአኩ ሰምቷል" አለኝ። "ያልሰሙት እርስዎ ነዎት።"

በሳምንቱ የእማማ የሺ ዓይን በራ። መጀመሪያ ልጄን ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ አዩዋት፤ ሁላችንም አለቀስን። ወደ ይጁቤ የሚመለሱ ዕለት ቦራን አጥቤ፣ በሩን ከፍቼ ጠበቅኋቸው። ወጡና ዙሪያዋን ዞሯት። ዝገቱን አዩ፣ ስቱኮውን አዩ፣ በሽቦ የታሰረውን መብራት አዩ።

"ይቺ ናት?"

"እሷ ናት እማማ። ተሠርታለች፣ ይግቡ።"

"አልገባም። ዳገቱ ላይ ተስያለሁ።"

"ምን ብለው?"

"ዓይኔ ከበራልኝ ሁለተኛ መኪናህ ላይ ላልወጣ።"

በሚኒባስ ሄዱ። እኔ ባዶ መኪና ይዤ፣ ስንቃቸውን ጭኜ፣ ከሚኒባሱ ኋላ ተከተልሁ። በመልሱም መንገድ ዳገት አለ፤ ቦራ እንደ ወጣት ወጣችው፤ መርፌዋ ከመሀል ንቅንቅ አላለችም። እማማ የሺ በኋላው መስታወት ዞረው፣ በአዲሱ ዓይናቸው መንገዱን ሙሉ ሲያዩኝ ነበር። ይጁቤ ስንወርድ ሮጬ ደረስሁባቸው።

"እማማ፣ ዛሬ ነጭ ጭስ አይተዋል?"

"አላየሁም።"

"ታዲያ ድናለች እኮ!"

"ትዳን። የእኔም ዓይን የዳነው መኪናህ ላይ ላልወጣ ተስዬ ነው። ብወጣ ተመልሶ ቢጠፋስ?"

ስመኘውን አማከርሁት። የተጣመመ ቴስታታ እንጂ የተሳሉ አማት የሚያስተካክል ቶርኖ ቤት የለም አለኝ።