ሠላሳ አንድ ቁጥር በሰው ቋንቋ

(የአንድ ዕቃ መላኪያ ድርጅት የኮምፒውተር ክፍል። ከግድግዳው ወዲያ የደንበኞች ሰልፍ ይጉረመረማል። ሥራ አስኪያጇ «ማሽኑ የስህተት ቁጥር መትፋቱን ትቶ በሰው ቋንቋ ይናገር፤ ይህን እስከ ምሳ ሰዓት የጨረሰ የክፍል ኃላፊ ይሆናል» ብለዋል። ያቺን ኃላፊነት በሕልሙ ሳይቀር የሚያያት ፕሮግራም ሠሪ «ሊቁ» ይባላል፤ ስሙን ያወጣው ራሱ ነው የሚሉም አሉ። አጠገቡ በአንድ ጣት የሚተይበው ባልደረባው «ኤሊ» ነው፤ ምስኪን፣ ያዘዙትን ከመፈጸም በቀር ተንኮል አያውቅም።)

ኤሊ፦ ኧረ መልእክቱ ላይ «እባክዎ» ይግባበት!

ሊቁ፦ ማሽን ለማኝ ነው እንዴ?

ኤሊ፦ ሰው ተሰልፎ ቆይቶ «ስህተት ዘጠኝ» ሲባል እኮ ግራ ይገባዋል። ትናንት አንድ አባት «ዘጠነኛው መስኮት የት ነው?» እያሉ ሕንፃውን ሲዞሩ ዋሉ።

ሊቁ፦ ለዚህ እኮ ነው የምንተረጉመው! ቅድም ዘጠኝን «ዕቃው አልተገኘም» በለው ስልህ ምን ብለህ ጻፍክ?

ኤሊ፦ «ዕቃው አልተገኘም፤ እግዜር ያምጣው።»

ሊቁ፦ እግዜርን ማን ጨምር አለህ?

ኤሊ፦ አሳዝኖኝ ነዋ።

ሊቁ፦ እሱን ሰርዘው! ከእንግዲህ ከአፌ የወጣውን ሁሉ ሳትጨምር ሳትቀንስ ጻፍ። ማሰቡን ለእኔ ተወው! እየጻፍክም ላከው፤ ሰዓቱ ሄዷል።

ኤሊ፦ እሺ። አሥራ ሁለትስ?

ሊቁ፦ አድራሻ ሲጎድል ነው። «የት እንደምናደርሰው ካልነገርከን፣ እኛ ነቢይ ነን?»

(ኤሊ በአንድ ጣቱ እየወቀረ ይልካል።)

ኤሊ፦ ሃያ ስድስት?

ሊቁ፦ እሱማ የራሳችን ጉድ ነው። «ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ኮምፒውተሩ አርጅቷል። ሻይ ጠጥተህ ተመለስ።»

ኤሊ፦ ሠላሳ አንድ?

ሊቁ፦ (በሩን ገልመጥ አድርጎ) የሴትዮዋ ቁጥር! የይለፍ ቃሏን ሦስቴ ስትሳሳት ለእሷ ብቻ የሚመጣ። «አንቺ ሴትዮ፣ የይለፍ ቃል መያዝ አቅቶሽ ነው ድርጅት የምትመሪው?» (በራሱ ቀልድ እንባው እስኪፈስ ይስቃል።)

ኤሊ፦ (ጣቱን አንስቶ) ይሄም... እንዳለ ይጻፍ?

ሊቁ፦ (እንባውን እየጠረገ) ስንቴ ልንገርህ? አትጨቅጭቀኝ!

(ኤሊ ይጽፋል። ይልካል። ስልኩ ይጮኻል።)

ሊቁ፦ አቤት፣ እመቤቴ!

ሥራ አስኪያጇ፦ (በስልክ) «ነቢይ ነን» የሚለውን ማን ነው የጻፈው?

ሊቁ፦ (አመድ መስሎ) እሱ... ኤሊ ነው! የእሱ ጣት ነው!

ሥራ አስኪያጇ፦ ሰልፉ በሙሉ እኮ እየሳቀ ነው! ዛሬ የተቆጣ ደንበኛ የለም። በል ኤሊን አቅርብልኝ፣ ልሹመው።

ሊቁ፦ (ስልኩን በሁለት እጁ ጨብጦ) እመቤቴ፣ እሱ መተየብ ብቻ ነው የሠራው! ሐሳቡም ቃሉም የእኔ ነው!

ኤሊ፦ ሊቁ፣ ሠላሳ አንድን ግን...

ሊቁ፦ ዝም በል፣ ምቀኛ!

ሥራ አስኪያጇ፦ አንድም የእሱ ቃል የለበትም?

ሊቁ፦ አንድም! ከፈለጉ ይጠይቁት፣ ይመስክር።

ኤሊ፦ (ተክዞ) እውነቱን ነው፣ እመቤቴ።

ሥራ አስኪያጇ፦ እንግዲያስ ሹመትህን አሁኑኑ ልጻፍ። ቆይ፣ ኮምፒውተሬን ልክፈት... ኤጭ፣ ይሄ የይለፍ ቃል ደግሞ...

ሊቁ፦ (ለኤሊ በሹክሹክታ) ሠላሳ አንድን... ላክኸው እንዴ?

ኤሊ፦ እሱን ልነግርህ ስል አይደል ምቀኛ ያልከኝ?

ሥራ አስኪያጇ፦ አሁንም እምቢ አለኝ። እስቲ አንዴ ልድገመው...

ሊቁ፦ እመቤቴ! አይንኩት! በእጅዎ ይጻፉት! ሹመቱም ይቅርብኝ!

(ከስልኩ ውስጥ የቁልፎች ድምፅ፣ ቀጥሎም ወንበር ወደ ኋላ ሲገፋ ይሰማል። ሊቁ ወለሉ ላይ ዘጭ ይላል። ኤሊ ስልኩን ቀስ ብሎ ከእጁ ይቀበለዋል።)

ኤሊ፦ አቤት፣ እመቤቴ... አዎ፣ እዚሁ አጠገቤ አለ... ኧረ አልሸሸም፣ እንኳን መሄድ መቆምም አልቻለም።