የእትዬ የሺመቤት መጋረጃ

በየከተማው፣ ሰው ቤት ገብቶ አርፎ መቀመጥ የማይችል አንድ ሰው አይጠፋም። ሰላምታውን ሳይጨርስ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ይዞራል፤ ሻይ ሳይቀርብለት ቁምሳጥንዎን መግፋት ይጀምራል። ዛሬ እንዲህ ዓይነቱን ሰው «ኢንቴሪየር ዲዛይነር» ብለው ቢሮ ይከፍቱለታል። በደርግ ጊዜ ጂንካ ውስጥ ግን ቢሮ የለውም፤ አክስቴ ናቸው።

ክብርት ወይዘሮ የሺመቤት፣ የመጋረጃና የኮርኒስ እመቤት፣ ሥራቸውን የሚጀምሩት በር ላይ ቆመው ነው። ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ጠጋ ያደርጉና፣ «ውይ! ቤቱ ታፍኗል እኮ!» ይላሉ። ከዚህ በኋላ እንግዳው የቤቱ ባለቤት ነው።

ጋዜጣ ይለጥፋሉ፣ የአቡጀዲ ኮርኒስ ይወጥራሉ፣ ኖራ ይቀባሉ። በሙያቸው አይታሙም። እኔን የሚያሳፍረኝ ሳይጠሩ መግባታቸው ነው። ለቅሶ ቤት አብረን ሄደን ሐዘንተኞቹን ከነፍራሻቸው ወደ መስኮቱ አዙረዋቸዋል። ሃና ከተማ ቢሮ ሊያሳምሩ ገብተው የአንድ ሹም ወንበር በማዞራቸው ባለጉዳይ አቤቱታውን ለሰውየው ማጅራት ሲያሰማ ከረመ። ቱርሚ ላይ ለሆቴል በር የሰፉትን ባለዘርፍ መጋረጃ ፍየሎች ሲበሉት ደግሞ፣ «ፍየል እንኳ ወደደው» ብለው ኮሩ። እኔ የእህታቸው ልጅ፣ የከተማው መምህር፣ በየሄድንበት ጫማዬን አያለሁ።

ሠርጌ ሲቃረብ ለመንኳቸው። «እትዬ፣ በፈጠርዎት፣ ዳሱን ይተዉልኝ።»

«ትቼዋለሁ» አሉ።

በማለዳ ስነሣ ከሙሽሮቹ ወንበር ጀርባ ሰፊ ቀይ ጨርቅ ተወጥሯል። የቀበሌውን አዳራሽ ለአብዮት በዓል ሲያስጌጡ የተሰጣቸው አሮጌ መፈክር ነው፤ ፊደሉን በሳሙና ፈትገው አስለቅቀውታል። እውነት ለመናገር ያምር ነበር።

የሙሽራዬ የአየለች አባት አቶ ቦሼ ከአሪ ገጠር የመጡ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸውን ለከተማ ሰው ለመስጠት ብዙ አመንትተዋል። በዚያ ላይ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀታቸውን ገና መቀበላቸው ስለሆነ፣ ያገኙትን ሁሉ ጮክ ብለው ያነባሉ፤ የክብሪት ቀፎ አይቀራቸውም፣ የስኳር ጆንያ አይቀራቸውም።

ከቀትር በኋላ ፀሐይ ከዳሱ ጀርባ ዞረች። ጨርቁ በራ። ከራሳችን በላይ ያ የታጠበው ፊደል ቀስ እያለ ብቅ አለ።

«ይ…» አሉ አቶ ቦሼ ጣታቸውን ቀስረው። «ው… ደ… ም። ይውደም!»

«ኢምፔሪያሊዝም» የሚለው ተቆርጦ የሌላ ሰው መስኮት ላይ ውሏል፤ ለእኛ የደረሰን እርግማኑ ብቻ ነው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«የልጄን ትዳር ነው ይውደም ያላችሁ?» አሉ አቶ ቦሼ። «አየለች፣ ተነሺ። እንሄዳለን።»

አየለች እኔን አየችኝና ተነሣች።

«ኧረ ቆይ፣ አባባ ቦሼ! ሥራዬን መቼ ጨረስኩና!»

እትዬ የሺመቤት አግዳሚው ላይ ወጥተዋል። ለሠርጌ ብለው ያሠሩትን አዲስ ነጠላ ከትከሻቸው አወረዱና መቀስ አገቡበት። ከነጩ ጨርቅ አንድ ትልቅ «ቅ» ቆርጠው «ው»ን ሸፈኑበት፤ በመርፌ ቁልፍም ያዙት።

«ይበሉ፣ አሁን ያንብቡ!»

«ይ… ቅ… ደም። ይቅደም።» አቶ ቦሼ ቅንድባቸውን ሰበሰቡ። «ምኑ ነው የሚቀድመው?»

«ትዳሩ ነዋ!»

የቀበሌው ሊቀመንበር «ይቅደም» ሲባል ሰምተው ከስብሰባ ልማድ ግራ እጃቸውን ወደ ላይ ወረወሩ፤ ሰዉም አጨበጨበ። አቶ ቦሼ ቃሉን አንድ ጊዜ ለብቻቸው አነበቡና ተቀመጡ። አየለችም አጠገቤ ተቀመጠች።

እትዬ የሺመቤት ቀኑን ሙሉ በተቀደደ ነጠላ ሲያስተናግዱ ዋሉ። ሴቶቹ እየተጠቃቀሱ ሳቁባቸው። እኔ እንደ ልማዴ ጫማዬን ለማየት አጎነበስኩ፤ ግን አልሆነልኝም፣ ዓይኔ እሳቸውን እየተከተለ ዋለ። እንዴት እንደወደድኳቸው!

ያ ጨርቅ ዛሬም የመኝታ ቤታችን መጋረጃ ነው። በቀደም «ቅ»ው ላልቶ «ው» ብቅ ሊል ሲል፣ አየለች «ጣለው፣ እንግዳ ቢያየው ያሳፍራል» አለች። መርፌና ክር ይዤ ወንበር ላይ ወጣሁ። ሰፍቼ ሳልጨርስ በሩ ላይ አንዲት አሮጊት ቆመው ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ጠጋ አደረጉ።

«ውይ! ቤቱ ታፍኗል እኮ!»

«ወዴት ይዙር፣ እትዬ?» አልኩና ቁምሳጥኑን ራሴ ገፋሁላቸው።