የአቦይ ወልዱ በር ሰው አይመታም

በአስመራ እንደ በር ጨካኝ ነገር የለም። ጻፊው ሳባ፣ አትሳቂ። ማኪና ሰው ሲገጭ ነጂው ይታሰራል፤ ውሻ ሰው ሲነክስ ባለቤቱ ይጠየቃል፤ በር ግን የሴት ዓይን አጥቁሮ እዛው መቃኑ ላይ ቆሞ ይውላል፣ ማንም ምንም አይለውም። በር ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ደረጃ አለ፣ የእጅ መታጠቢያው ላቫንዲኖ አለ፣ የቁም ሳጥን ጠርዝ አለ። ሁሉም ደግሞ ሴት እየመረጡ ነው የሚያጠቁት። እኔ በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ ቁም ሳጥን የመታው ባል አይቼ አላውቅም። አንቺ አይተሻል? አዲስ አበባም የለም? እንግዲያው ጻፊ።

ግንባሬ ላይ ያለውን እብጠት ለጊዜው ተይው፣ እደርስበታለሁ።

ይሄ የማይ ጭሆት ግቢያችን አራት ቤት መሆኑን ታያለሽ። ከእኔ ጋር ግድግዳ የምትጋራው አብረኸት ናት፣ ሸሚዝ ፋብሪካ ኮሌታ የምትሰፋው። ቤቱን ከእናቷ ነው የወረሰችው። ባሏ ተስፋለም አውቶቡስ ይነዳል። እንዴት ያለ ጨዋ ሰው መሰለሽ! አሮጊት ዘንቢል ይዛ ስትሮጥ ካየ ፌርማታው ላይ አውቶቡሱን አቁሞ ይጠብቃታል። ግቢ ሲገባ ባርኔጣውን አንስቶ አራቱንም በር ሰላም ይላል። ችግሩ ይሄ ነበር። እንዲህ ያለ ሰላምታ የሚሰጥን ሰው በምን አፍሽ ትጠረጥሪዋለሽ? በሩን መጠርጠር ይቀላል።

ለነገሩ ቃል አላጣንም ነበር፣ ቃል ሞልቶናል። «ትንሽ ተጋጩ» እንላለን። ተጋጩ ሲባል መስቀለኛ መንገድ ላይ የተገናኙ ሁለት ማኪናዎች ይመስላሉ። ታዲያ ሁልጊዜ አንደኛዋ መብራቷ ረግፎ፣ ሌላው ቀለሙ እንኳን ሳይጫር የሚወጣው እንዴት ነው? «ቆንጠጥ አደረጋት» እንላለን፣ የሠላሳ አራት ዓመት ሴት። «እጁ ፈጠን ይላል» እንላለን፣ ልብስ ሰፊ ያመሰገንን ይመስል። ከሁሉ የከፋችው ደግሞ «ምን ብታደርገው ነው?» የምትለው ናት። ይቺን እኔም ብያታለሁ። ጻፊው፣ አትዝለይው። እዚሁ በረንዳ ላይ፣ ሻሂዬን እየጠጣሁ ብያታለሁ።

ነጻነት ከመጣ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ጠመንጃ ተሸክመው ከተማ የገቡትን ሴቶች ልጆች ዋናው ጎዳና ላይ ቆመን በእልልታ ተቀብለናል። ጀግና፣ ጀግና ስንል ውለን ጉሮሯችን ደርቆ ነው የተመለስነው። ቤት ከገባን በኋላ ግን ከግድግዳው ማዶ ድምፅ ሲሰማ ሬድዮ ከፍ እናደርጋለን። በነጻነት ሰሞን ሬድዮ ከፍ ማድረግ የደስታ ምልክት ነው፣ ማን ይጠረጥርሻል? ከእኛ ግቢ የበለጠ ነጻነቱን ያከበረ አልነበረም ብል አልዋሸሁም።

አንድ ቅዳሜ አብረኸት ልብስ ልታሰጣ ወጣች። ግራ ዓይኗ ተዘግቷል። ምን ሆነሽ አልኳት። ከቤት ስወጣ በሩ መታኝ አለች። ከጾሙ ወዲህ ሦስተኛው ነው። እኔ ምን አልኩ? ይሄ በር መጠገን አለበት አልኩ።

አውቄ ነው ወይስ ሳላውቅ? ግማሹን አውቄ ነው። ሰውዬውን መናገር ፈራሁ፣ ዝም ማለት ደግሞ አፈርኩ፣ ስለዚህ አናጢ ጠራሁ። አክስትሽ እንደዚህ ያለች ጀግና ናት። በሩ ከተጠገነ ተስፋለም ሰበብ ያጣል፣ ነገሩም ስሙ ሳይነሳ ያልቃል ብዬ ነው።

አናጢው አቦይ ወልዱ ናቸው። የግቢያችንን አራት በር በጉልምስናቸው የሠሩት እሳቸው ናቸው። ቪላጆ ጀኒዮ ሰፈር ያሉ ጣልያኖች ዘንድ ነው ሥራ የለመዱት፤ እስከ ዛሬ ያልሠሩትን በር አንኳኩተው አይገቡም ይባላል። ቤታቸው ሄጄ በርዎ ሰው መታ ስላቸው እንጀራቸውን ትተው ተነሡ። ነገ እሑድ ይመጣሉ ብዬ በግድ አስቀመጥኳቸው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግቢው ሁሉ በረንዳ ላይ ነው። ተስፋለም በፒጃማ ተቀምጦ ሻሂ ይጠጣል። አቦይ ወልዱ እርሳስ ጆሯቸው ላይ ሰክተው፣ ሜትር ይዘው፣ የዕቃ ሳጥናቸውን አንጠልጥለው ገቡ። ሰላም ያሉት መጀመሪያ በሩን ነው። ከፈቱት፣ ዘጉት። ማጠፊያውን ዳሰሱ። ጠርዙን እንደ ሕፃን ጉንጭ ደባበሱት። ከዚያ አብረኸትን ጠርተው የት ሆነሽ እንደመታሽ ቆመሽ አሳዪኝ አሏት። ውስጥ ሆኜ ልወጣ ስል ነው አለች፣ ድምፅዋ አይሰማም።

አቦይ ወልዱ ለካ ገና መቆጣታቸው ነበር። ይሄ በር ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው አሉ። ውስጥ ካለ ሰው ይሸሻል እንጂ ወደ ሰው አይመጣም። ሜትሩን ዘረጉ። እጀታው ወገቧ ጋ ነው። ዓይኗ ከዚያ በላይ ስንት እንደሚርቅ ጮክ ብለው አነበቡ፣ ችሎት ላይ ያሉ ይመስል። እኛም እንደ ምስክር ቆመናል። ሬድዮ የሚከፍት የለም።

«ልጄ፣» አሏት፣ «ሃምሳ ዓመት በር ሠርቻለሁ። የእኔ በር ሰው አይመታም። ይሄ በር ምን በደለሽና ነው ስሙን የምታጠፊው?»

ሽማግሌው ስለ በራቸው ክብር ብቻ ነበር የሚናገሩት። ግን አብረኸት በሩን አየችው። እግዚአብሔር ያሳይሽ ሳባ፣ እንዲያ ያለ አስተያየት አይቼ አላውቅም። ያን ሁሉ ጊዜ በደሏን ያሸከመችውን ዕቃ ይቅርታ የምትጠይቅ ነው የምትመስለው። መዳፏን እንጨቱ ላይ አሳረፈች፣ ከዚያ ዞር ብላ ሁላችንንም አየችን።

«አቦይ፣ በሩ ምንም አላደረገኝም። የመታኝ ተስፋለም ነው።»

አልጮኸችም። ኮሌታ እንደምትሰፋው በቀጥታ መስመር ተናገረችው። ግቢያችን ከተሠራ ጀምሮ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር አልተሰማም። አንዷ ጎረቤታችን ኧረ ገመና ነው፣ ቤት ግቡና ተነጋገሩ አለች። ተስፋለም ብርጭቆውን አስቀምጦ ትንሽ ተጋጭተን ነው አለ፣ እየሳቀ፣ ያንን ለአውቶቡስ ተሳፋሪ የሚያሳየውን ሳቅ። አቦይ ወልዱ ምን አደረጉ መሰለሽ? ና ቁም አሉት። መቃኑ ጋ አቆሙትና ክንድህን አንሳ አሉት። ግራ ገብቶት አነሣ። ከወለሉ እስከ ጭብጡ ለኩት።

«እወ፣ ይሄ ይደርሳል፣» አሉ፣ መቃኑ ላይም በእርሳስ ምልክት አደረጉ።

ተስፋለም ክንዱን ማውረድ ረስቶ ቆሞ ቀረ። አብረኸት ግን ሥራዋን ቀጠለች። አቦይ፣ ዕቃዎን ይዘው ከመጡ አይቀር ቁልፉን ይቀይሩልኝ አለች። ሽማግሌው ካቻቢቴያቸውን አወጡ። እኔ፣ ያቺ የሻሂ ጀግና፣ ብሎኖቹን በመዳፌ ያዝኩላቸው። መጀመሪያ የረዳኋት ያን ቀን ነው። ተስፋለም ፒጃማውን በሱሪ ቀይሮ፣ ሻንጣውን ይዞ ሓዝሓዝ ሰፈር ወንድሙ ቤት ሄደ። ሲወጣ ባርኔጣውን አነሣ፤ አንድም በር አልመለሰለትም።

መቼም ሽማግሌ መምጣቱ አይቀርም፣ መጣ። ሦስት ነጭ ጋቢ የለበሱ ሰዎች ተስፋለምን መሐል አድርገው ተቀመጡ። አብረኸት ሻሂ አቀረበች፣ እኔንም አጠገቧ አስቀመጠችኝ። በአክብሮት ሰማቻቸው። ከዚያ መጀመሪያ ያደረገውን እሱ ራሱ በስሙ ይጥራው አለች። ተስፋለም ተሳሳትኩ አለ። ምን አደረግህ አለችው። ተናደድኩ አለ። ተናድደህ ምን አደረግህ? እጄ አመለጠኝ አለ፣ ገመዱን የበጠሰ በሬ ይመስል። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ትልቁ ሽማግሌ ይኸው ብሏል እኮ ልጄ፣ ይብቃ አሉ። ኣይፋል አባቶቼ፣ አላለም አለች፤ ብሎት እንኳን ቢሆን ይመለስ አይመለስ ብዬ ማሰብ የምጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። የቐንየለይ ብላ አመስግና እስከ በሩ ሸኘቻቸው። እሱም ይኸው ሓዝሓዝ ነው፣ አንዲት ቃል ሲፈልግ አራተኛ ወሩን ይዟል።

እሺ፣ አሁን ግንባሬ። ሐሙስ ዕለት በራችን መታኝ። በእውነት መታኝ። ባሌ፣ አጎትሽ ኪዳነ፣ ብስክሌቱን በረንዳ ላይ ለማቆም ቦታ ጠበበኝ ብሎ በሩን ገልብጦ ወደ ውስጥ እንዲከፈት አድርጎ ሰቅሎታል። ቁልፍ የወደቀ መስሎኝ ጎንበስ ስል ከውጭ ገፋው፣ ጠርዙ ግንባሬን አገኘው። በሩ ነው ብዬ ወጣሁ። የሚያምነኝ ጠፋ። ዝንብ እንኳን በመስኮት የሚሸኘው ኪዳነ ሰላም የሚለው አጣ። አቦይ ወልዱ ሳይጠሩ መጡ። በሩን ለኩ፣ እኔን ለኩ፣ ኪዳነን አቁመው ለኩ። በመጨረሻ ጥፋቱ የበሩ ነው አሉ፤ በሩን የገለበጠው ግን ማን እንደሆነ ሲሰሙ ኪዳነን እንደ አዲስ ተቆጡት።

ከሁሉ በፊት የመጣችው ግን አብረኸት ናት። ኪዳነን ውጣልን አለችው። ከጎኔ ተቀምጣ እጄን ያዘችና፣ ማንም አይሰማንም፣ ማን ነው የመታሽ አለችኝ። መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ መሳቅ አቃተኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ግድግዳ ተጋርተን አንድ ቀን እንዲህ ብዬ ጠይቄያት አላውቅማ።

ስለዚህ ነው ኪዳነ ቃልሽን በጽሑፍ ስጪኝ ብሎ ያስጨነቀኝ። ጻፊ፦ እኔን የመታኝ በሩ ነው። እኔ እፈርምበታለሁ፣ እሱ ግን አስገድዷት ነው እንዳይባል አይፈርምም። ወስደሽ ለአብረኸት ስጫት፣ እሷ አንብባ ሓቂ ነው ካላለች ግቢው አያምነውም። አንብባ ከጨረሰች በኋላ ሜትሩን ከአቦይ ወልዱ ተውሳ ከመጣች ግን እንዳትቀየሚያት። እኔም ብሆን እለካው ነበር።