ክቡር ጠቅላይ ዘበኛ እና ባለብዙ ክፍሏ ኮምፒዩተር

ኮምፒዩተር ባለበት መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ እንቅልፍ የሌለው ሰው አይጠፋም። ሌላው ሠራተኛ ስክሪኑ ሲበራ ሥራ ይታየዋል፤ ለእሱ የሚታየው ሌባ ነው። በዚህ ማተሚያ ቤት ሥልጣኑን የያዙት ጸጉራቸው የሸበተ የኮምፒዩተር ባለሙያ ናቸው። ሠራተኛው «ክቡር ጠቅላይ ዘበኛ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ቀልዱን እንደ ሹመት ተቀብለውታል።

ገጽ አቀናባሪዋ ግን ከክቡርነታቸው ጋር ሆድና ጀርባ ነበረች። የፍላሽ መሰኪያዎቿን በሙጫ ደፍነውባታል። የካሜራዋን ዓይን በቁስል ፕላስተር ሸፍነው፣ ፕላስተሩ ሲላላ እንደ ሐኪም እየመጡ ይቀይሩላታል። ፓስወርዷ ከመርዘሙ የተነሳ ጽፋ እስክትጨርሰው ድረስ ምን ልትሠራ እንደነበር ይጠፋታል።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ መዝገበ ቃላት ነው የማዘጋጀው። ማን ይሰርቀኛል?»

«ማን ነህ ሳትዪ አትክፈቺ፣ ልጄ!»

ለሁሉ ነገር መልሳቸው ይህ ነው። መጸዳጃ ቤት ገብተው በር ሲንኳኳባቸውም ማንነት ያጣራሉ እየተባለ ይታማሉ።

«ሌባ ፈጽሞ ሰብሮ የማይገባበት ኮምፒዩተር አለ?» ብሎ የሚጠይቃቸው ሰው ምሳው ይቀዘቅዛል። «የለም!» ይላሉ፣ የምሥራች እንደሚያበስር ሰው ፊታቸው እየበራ። «ስለሌለ እኮ ነው ግድግዳ የሚያስፈልገው! ሌባው መግባቱ አይቀርም፤ ቁም ነገሩ የገባበት ክፍል ውስጥ ማስቀረቱ ነው።»

በዚህም እምነት የልጅቱን ኮምፒዩተር እንደ ትልቅ ቤት ከፋፈሉት። ኢሜይል በአንድ ክፍል፣ መዝገበ ቃላቱ በሌላ፣ ኢንተርኔት ለብቻው። የኢሜይሉ መስኮት ዙሪያው ቀይ፣ የመዝገበ ቃላቱ አረንጓዴ፣ የኢንተርኔቱ ቢጫ ሆኖ ስክሪኗ የሕፃን ልደት መሰለ። አንዲት ቃል ከኢሜይል ወደ መዝገበ ቃላቱ ለማሻገር እንደ መንገደኛ ፈቃድ መጠየቅ ነበረባት።

መዝገበ ቃላቱ ማሽን ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ትዕግሥቷ አለቀ። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባች።

«ወይ ግድግዳዎቹ ይፍረሱልኝ፣ ወይ እኔ ልውጣ። ነገ ካልደረስን የማተሚያ ወረፋው ያልፈናል፤ የስንት ጊዜ ልፋቴ ነው!»

«ከምሳ በኋላ ይፈርሳሉ» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

ክቡርነታቸው ሲነገራቸው «ይሁን» አሉ። እንዳዘነ ልጅ ትከሻቸውን ጥለው ግድግዳዎቹን ሊያፈርሱ ኮምፒዩተሯ ፊት ተቀመጡ። የመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል የሚገባው እዚያው ነበርና፣ ልክ በዚያች ሰዓት አንድ መልእክት ዱብ አለ፤ «ፎቶው ይኸውልህ» ይላል። ሌባ ለዓለም ሁሉ የሚበትነው ዓይነት መልእክት ነው። ክቡርነታቸው ግን ሴት ልጃቸው በሌላ ከተማ ከወለደች ጀምሮ የልጅ ልጃቸውን ፎቶ ሲጠባበቁ ነበር። ጣታቸው ከራሳቸው ቀደመ።

በቀዩ መስኮት ውስጥ የራስ ቅል ብቅ ብሎ ሳቀባቸው። «ፋይልህ ሁሉ ተቆልፏል» ይላል።

«ጋሼ! ምን ነካዎት?»

«የልጄ ልጅ… መስሎኝ…» አሉ።

«መዝገበ ቃላቴ!» ብላ ተንደርድራ አረንጓዴውን መስኮት ከፈተች። ከሀ እስከ ፐ፣ አንዲት ነጥብ ሳትጎድል፣ ሁሉም ቃል በየቦታው ተደርድሮ ጠበቃት! የተቃጠለው ቀዩ ክፍል ብቻ ነው። በሳቅና በለቅሶ መካከል ሆና ባለችበት ዘለለች።

«እኔው ነኝ ያስገባሁት» አሉ ክቡርነታቸው አንገታቸውን ደፍተው። «አፍርሱት፤ እኔንም አሰናብቱኝ።»

«ማን አባቱ ነው የሚያፈርሰው?» አለች ገጽ አቀናባሪዋ፣ በሩ ላይ የቆሙትን ሥራ አስኪያጅ ረስታ። ትዝ ሲሏት «ይቅርታ፣ ጌታዬ» አለች። «ግን የሚነካው የለም።»

የተቃጠለውን ክፍል ጥለው አዲስ ተከሉ። ወዲያው የሴት ልጃቸው ስልክ መጣ፤ «አባዬ፣ አሁን ላክሁልህ!» ክቡርነታቸው ግን እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ደብቀው አልነካም አሉ። ገጽ አቀናባሪዋ በገዛ እጇ ለፎቶው ብቻ አንዲት ክፍል ሠራች፤ ዙሪያዋንም ሰማያዊ አደረገችላት። ከፈተችው። ጭብጥ የምታህል፣ ዓይኗን ጨፍና ጡጫዋን የጨበጠች ፍጥረት ስክሪኑን ሞላችው። የማተሚያ ቤቱ ሰው ሁሉ «እሰይ! እሰይ!» አለ።

ሲበተኑ ሥራዋን ቀጠለች፤ መዝገበ ቃላቱ በአንድ ወገን፣ ሕፃኗ በሌላው። ክቡርነታቸው ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ቀስ እያልሽ ንኪው፣ ልጄ» አሉ በሹክሹክታ። «ተኝታለች እኮ።»

ገጽ አቀናባሪዋም፣ ራሷን እየታዘበች፣ የኪቦርዱን ፊደሎች በጣቷ ጫፍ፣ ድምፅ ሳታሰማ መንካት ጀመረች።